ሰውየውን ራሱን ጠይቁት

ለጎልማሶች ትምህርት ተከታታዮች በሬዲዮ የቀረበ ንግግር

ይህን ወረቀት ይዛችሁ የምታነቡም፣ አጠገባችሁ ሰው ካለ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡለት። ለብቻ የሚነበብ ጉዳይ አይደለምና።

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ንግግር ነው። ዓይናቸው ከማያይ፣ ጆሯቸው ከማይሰማ፣ እግራቸው ወይም እጃቸው ጉዳት ካለበት ሰዎች ጋር እንዴት እንነጋገር? «ምን ችግር አለው፤ አፍ አለን፣ እናወራለን» የሚል አይጠፋም። እስቲ ወደ መንገድ እንውጣና እንየው።

ባምቢስ እንቁም። አዲስ አበባን ለማታውቁ፣ ባምቢስ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ከካዛንቺስ አጠገብ፣ ከመስቀል አደባባይ ወደ ኡራኤል ሲኬድ የሚገኝ ሰፈር ነው። ስሙን ያገኘው ከአንድ ሱፐርማርኬት ነው። ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የከተማው ባቡር ፌርማታ ስም ሆኗል። ጠዋት ጠዋት እዚያ ታክሲ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነው። ረዳቶቹ «ኡራኤል! ሃያ ሁለት! መገናኛ!» እያሉ ይጣራሉ።

አንድ ነጭ በትር የያዙ ሰው እዚያ ቆመዋል እንበል። ፀጉራቸው ሸብቷል። ኮታቸው ንጹሕ ነው። ቦርሳ ይዘዋል። ወደ ሥራቸው ሊሄዱ ነው። አንዷ መንገደኛ አየቻቸውና ከንፈሯን መጠጠች። አንዱ ምንም ሳይናገር አምስት ብር እጃቸው ላይ አስቀምጦ አለፈ። ሌላው ክንዳቸውን ጨብጦ እየጎተተ መንገዱን አሻገራቸው። እሳቸው ግን መሻገር አልፈለጉም ነበር። ታክሲው ሲመጣ ደግሞ ረዳቱ አጠገባቸው የቆመችውን ሴት «የት ነው የሚወርደው?» ብሎ ጠየቃት። ሴትዮዋ አታውቃቸውም። እሷም የምትጠብቀው ታክሲ ነው።

አራቱም ክፉ ሰዎች አይደሉም። ሦስቱ እንዲያውም ጽድቅ የሠሩ መስሏቸው ነው የሄዱት። ነገር ግን ከአራቱ አንዱ እንኳ ለእኒህ ሰው አንዲት ቃል አልተናገረም። አዝነውላቸዋል፣ ሰጥተዋቸዋል፣ ጎትተዋቸዋል፣ ስለ እሳቸው ጠይቀዋል። እሳቸውን ግን ማንም አልጠየቀም።

ይህን ነገር እናንተ ከማንም ይበልጥ ታውቁታላችሁ። ፊደል ሳትቆጥሩ በፊት ቀበሌ ወይም ባንክ ስትሄዱ ምን ይሆን ነበር? ጸሐፊው ቅጹን ሲሞላ የሚያየው እናንተን ሳይሆን አብሯችሁ የመጣውን ልጅ ነበር። «ስማቸው ማነው? ዕድሜያቸው ስንት ነው? ልጆች አሏቸው?» እያለ ልጁን ይጠይቃል። እናንተ ፊት ለፊቱ ቆማችኋል። ስማችሁን ታውቃላችሁ። ልጆቻችሁንም የወለዳችሁት እናንተ ናችሁ። ያልቻላችሁት መጻፍ ብቻ ነበር። እሱ ግን መናገርም፣ ማሰብም የማትችሉ አደረጋችሁ። መጨረሻ ላይ አውራ ጣታችሁን ይዞ ቀለም ነከረው። ያን ቀን ቤታችሁ ስትገቡ የተሰማችሁን ስሜት አስታውሱት። ነጭ በትር የያዙት ሰው ያንን በየቀኑ ይዘውት ነው የሚገቡት።

እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ሳለን ስለ ማስተማር ዘዴ ብዙ ተምረናል። ከማይሰማ ወይም ከማያይ ሰው ጋር ስለ መነጋገር የተነገረን ግን ጥቂት ነው። የቀረውን ያስተማሩን ተማሪዎቻችንና ወላጆቻቸው ናቸው።

ከወላጆቹ የአንዷን ነገር ልንገራችሁ። እናትየው መስማት የተሳናቸው ናቸው። ልጃቸው ትሰማለች፤ ያኔ 9 ዓመቷ ነበር። እናትየው ታመሙና ልጅቷን ይዘው ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ሄዱ። ባለሙያው የሚናገረውን ሁሉ ለልጅቷ ይነግራታል። ልጅቷ በእጇ ምልክት ለእናቷ ታስተላልፋለች። ሕመሙ የማኅፀን ሕመም ነበር። እስቲ አስቡት፤ የ9 ዓመት ልጅ የእናቷን የማኅፀን ሕመም የሚገልጽ ቃል ከየት ታመጣለች? አንዳንዱን አልገባትም፣ ዘለለችው። አንዳንዱ አስፈራት፣ ደበቀችው። እናትየው መድኃኒቱን ለስንት ቀን እንደሚወስዱ እንኳ በትክክል ሳያውቁ ወጡ። በማግስቱ ልጅቷ ትምህርት ቤት መጥታ አለቀሰች።

እናትየው ግን ያነባሉ፤ ይጽፋሉም። ጠረጴዛው ላይ እስክርቢቶ ነበረ። ወረቀትም ነበረ። «ማንበብ ይችላሉ?» ብሎ በምልክት የጠየቃቸው ሰው ብቻ አልነበረም።

እናንተ አሁን ያ እስክርቢቶ በእጃችሁ ነው። መስማት የተሳነው ጎረቤት ካላችሁ፣ ካነበበ፣ አጭር ነገር ጽፋችሁ ማሳየት ትችላላችሁ። «ነገ ዕድር አለ። 8 ሰዓት።» ይህን ለመጻፍ ብዙ ዕውቀት አያስፈልግም። የጻፋችሁት ትንሽ ቢሳሳትም ይገባዋል።

እርግጥ ሁሉም መስማት የተሳነው ሰው ያነባል ማለት አይደለም። ብዙዎቹ የትምህርት ዕድል አላገኙም። ደግሞም የምልክት ቋንቋ ራሱን የቻለ ቋንቋ ነው፤ የአማርኛ ቅጂ አይደለም፤ የራሱ ሰዋስው አለው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን በዲግሪ ማስተማር ከጀመረ ቆይቷል። በዚህ ውስጥ ለእናንተ የሚያስደስት አንድ ነገር አለ። የአማርኛ ፊደል በጣት ይጻፋል። ለ«ለ» አንድ የእጅ ቅርጽ አለ። ከዚያ «ሉ፣ ሊ፣ ላ፣ ሌ፣ ል፣ ሎ» ለማለት ያው እጅ እንቅስቃሴውን ይለዋውጣል። እናንተ ገበታው ላይ ከግራ ወደ ቀኝ የቆጠራችኋቸው ሰባቱ ድምፆች፣ በእነሱ እጅ ላይ ሰባት እንቅስቃሴዎች ናቸው። በሰፈራችሁ የሚያውቅ ሰው ካለ የስማችሁን ፊደሎች እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ስማችሁን በእጃችሁ ስትነግሩት ፊቱ ላይ የምታዩትን እኔ አልነግራችሁም።

ምልክቱን ባታውቁም መነጋገር ይቻላል። ሰውየው ሳያያችሁ አትጀምሩ። ትከሻውን በቀስታ ነካ አድርጉ ወይም ፊቱ በሚያይበት በኩል እጃችሁን አውለብልቡ። ፊት ለፊቱ ቁሙ። ብርሃን ፊታችሁ ላይ ይሁን፤ ከጀርባችሁ መስኮት ካለ ፊታችሁ ይጨልምበታል። አፋችሁን በእጅ ወይም በነጠላ አትሸፍኑ። አትጩኹ። ጩኸት የሰውን ፊት ቁጡ ያደርገዋል እንጂ የማይሰማውን ጆሮ አይከፍተውም። አስተርጓሚ ካለም የምታዩት አስተርጓሚውን አይደለም። «ምን እንደሚፈልግ ጠይቂልኝ» አትበሏት። ወደ ሰውየው ዞራችሁ «ምን ልታዘዝ?» በሉት። እሷ የምታስተላልፈውን ታውቃለች።

ራሱን በነቀነቀ ቁጥር ገብቶታል ብላችሁም አትለፉ። ሰው እንዳይሰለቸው ብሎ «እሺ» ይላል። እናንተም በማይገባችሁ ስብሰባ ላይ ራሳችሁን ነቅንቃችሁ ታውቁ የለም እንዴ? መድኃኒት ወይም ገንዘብ የሚመለከት ከሆነ የተረዳውን መልሶ እንዲያሳያችሁ አድርጉ።

አሁን ወደ ቃላት እንምጣ። ቋንቋችን እዚህ ላይ ብዙ ጣጣ አለበት። «ደንቆሮ» የማይሰማ ማለት ነበር። እኛ ግን የማያውቅ፣ የማይገባው የምንለውንም በዚያው ቃል ጠራነው። «ድንቁርና»ም ከዚያው ወጣ። «የደንቆሮ ለቅሶ መልሶ መላልሶ» ብለን እንተርታለን። እንግዲህ መስማት የተሳነው ሰው ስሙ ራሱ ስድብ ሆኖ ይጠብቀዋል ማለት ነው። «ዕውር» የሚለው ቃል እንኳ በጥንቱ አነጋገር ስድብ አልነበረም። የሰበታው ታዋቂ ትምህርት ቤት ስሙ «መርሐ ዕውራን» ነበር፤ ትርጉሙ የዓይነ ስውራን መሪ ማለት ነው። ቃሉን ያቆሸሽነው እኛ ነን፤ በንዴት፣ በቀልድና በእርግማን። አንድ ጊዜ ከቆሸሸ ደግሞ «እኔ ለክፋት አይደለም» ማለት አያጸዳውም።

ታዲያ ምን እንበል? ማኅበሮቻቸው ራሳቸውን የሚጠሩበትን መስማት ይበቃል። አንደኛው የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር ነው። ሌላው የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበር ነው። «ዓይነ ስውር»፣ «ማየት የተሳነው»፣ «መስማት የተሳነው»፣ «አካል ጉዳተኛ» በሉ። «ቆማጣ» አትበሉ፤ በሽታው የሥጋ ደዌ ይባላል፤ መድኃኒትም አለው፤ ይድናል። «እብዱ» አትበሉ፤ የአእምሮ ሕመምተኛ ነው። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ሌላ ነው። ሰውየው ስም አለው። «ዓይነ ስውሩ መጣ» ከማለት «ጋሽ ከበደ መጡ» ማለት ይሻላል። ጨዋው ቃልም ቢሆን በስም ቦታ ከገባ ስምን ይሰርቃል።

የእኛን ትምህርትም አንድ ነገር ልንካው። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመርም ሆነ ከዚያ ወዲህ፣ ማንበብ አለመቻልን ከጨለማ ጋር ማመሳሰል የተለመደ ነው። ፊደል የቆጠረ ሰው «ዓይኔ በራ» ይላል። ደስታችሁን አልነጥቃችሁም፤ በሉት። ነገር ግን ስንቱ ዓይነ ስውር ከእናንተም ከእኔም በፊት ፊደል ቆጥሯል! በስድስት ነጥቦች፣ በብሬል፣ በጣቱ እየዳሰሰ ያነባል። ከዚያም በፊት በየአብያተ ክርስቲያናቱ የዜማና የቅኔ መምህራን የነበሩ ዓይነ ስውራን ሊቃውንት ነበሩ። ተማሪው እግራቸው ሥር ተቀምጦ «የኔታ» እያለ ይማር ነበር። ማንም «አንተ» አላላቸውም።

«አንተ» ስል አንድ ነገር መጣልኝ። በአማርኛ አክብሮት በ«አንተ» እና በ«እርስዎ» ይለያል። አንድ ሽማግሌ ስናገኝ ሳናስበው «እርስዎ» ይወጣናል። ያው ሽማግሌ ክራንች ይዘው ወይም በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው ከሆነ ግን አንዳንዱ ሰው «አንተ፣ ና ልግፋህ» ይላል። ሽበቱ አይታየውም፤ ወንበሩ ብቻ ነው የሚታየው። ትልቅ ሰውን እንደ ሕፃን ማባበልም አለ፤ «ጎሽ! እንዴት ጎበዝ ነሽ» እየተባለች ደረጃ የምትወጣ የአርባ ዓመት ሴት አይቻለሁ። መሥሪያ ቤት የምታስተዳድር ሴት ናት። አንቱታ በዕድሜና በማዕረግ ነው እንጂ በእግር ብርታት አይደለም።

ማየት ከተሳነው ሰው ጋር ስትነጋገሩ መጀመሪያ ማን እንደሆናችሁ ተናገሩ። «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ፤ የዳቦ ቤቷ አልማዝ ነኝ» በሉ። «እስቲ ማን ነኝ? ድምፄን ይለዩኛል?» የሚሉት ጨዋታ አለ። ይቅርባችሁ። ሰው ሁልጊዜ ፈተና ላይ መቀመጥ አይወድም። ስትሄዱም «ሄድኩ» በሉ፤ አለዚያ ለአየሩ ሲያወሩ ይቆያሉ። «አዩት?»፣ «ዛሬ ትዕይንቱን ተመለከቱ?» ማለት ግን ነውር አይደለም፤ እነሱም እንዲሁ ነው የሚናገሩት። እየተሳቀቃችሁ ቃል አትፈልጉ።

መንገድ ማሳየት የእኛ የአዲስ አበባ ሰዎች ድክመት ነው። «የት ነው?» ስንባል በአገጫችን ጠቁመን «እዛ ጋ» እንላለን። የሚያይ ሰው እንኳ በዚህ አያገኘውም። «በቀኝዎ በኩል ሃያ እርምጃ ያህል ሄደው፣ አንድ ደረጃ ወደ ላይ» ብላችሁ ንገሩ። መምራት ካስፈለገም ክንዳችሁን ስጡ፤ እሳቸው ክርናችሁን ይያዙ። በትራቸውን አትያዙባቸው። በትሩ ዓይናቸው ነው፤ ዓይኑ ተይዞ የሚሄድ ሰው አለ?

በስፖርቱ ዓለም ስለዚህ ጥሩ ትምህርት አለ። ያየሽ ጌቴ በ2016 ዓ.ም. በፓሪስ ፓራሊምፒክ በ1,500 ሜትር የወርቅ ሜዳሊያ አግኝታለች። ሙሉ በሙሉ የማያዩ ሯጮች በሚወዳደሩበት ክፍል ሯጩና መሪው በአጭር ገመድ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይሮጣሉ። ሕጉ ጥብቅ ነው። መሪው ሯጩን መጎተት አይችልም። የመጨረሻውን መስመርም ከሯጩ ቀድሞ ካለፈ ውጤቱ ይሰረዛል። ባምቢስ ላይ ክንድ ጨብጦ የሚጎትተው ሰው በዚህ ሕግ ገና ከመነሻው ይወጣ ነበር።

ዓይነ ስውር ሰው ሰፈሩን በጭንቅላቱ ይዞት ነው የሚኖረው። እዚህ ጋ ጉድጓድ፣ እዚያ ጋ የቡና መቁያው ሽታ፣ ከዚያ የታክሲ ረዳቶቹ ድምፅ። በ2017 ዓ.ም. በካዛንቺስ የኮሪደር ልማት ሥራ ሲካሄድ ብዙ ቤቶች ፈርሰዋል፤ ነዋሪዎችም ወደ ሌላ ሰፈር ሄደዋል። ለሚያይ ሰው አዲስ መንገድ አዲስ መንገድ ነው። በልቡ ለሚሄድ ሰው ግን እንደ አዲስ የሚጠና ትምህርት ነው። በድምፁ የሚያውቀው ጎረቤትም የለም። አዲስ ሰፈር የገባ ዓይነ ስውር ጎረቤት ካላችሁ አንድ ቀን አብራችሁ ዙሩ። ሱቁ፣ ቧንቧው፣ ፌርማታው የት እንደሆነ እየነገራችሁ ሂዱ። ሁለተኛ ቀን ላያስፈልጋቸው ይችላል።

ስለ ተሽከርካሪ ወንበር አጭር ነው። ሳትጠይቁ አትግፉ፤ አትደገፉበትም። ረዘም ላለ ወሬ ከሆነ እናንተም ተቀመጡ፤ አንገት ቀና አድርጎ ማውራት ያደክማል። ንግግሩ የሚያዘውን ሰው ደግሞ ጠብቁት። ቃሉን ከአፉ ነጥቃችሁ አትጨርሱለት። እሱ ሊል የፈለገው ሌላ ቢሆንስ?

የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ወይም ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች በሚመለከት ከወሬ በፊት በር መክፈት ይቀድማል። ብዙ ቤተሰብ ሰው ምን ይለኛል በሚል ልጁን ቤት ይዘጋበታል። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ሲያጡ ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል አቋቁመው፣ በ2013 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ስለ ኦቲዝም በአደባባይ ሲናገሩ ኖረዋል። እናንተ ማዕከል መክፈት አይጠበቅባችሁም። ጎረቤት ስትገቡ ለልጁም በስሙ «እንደምን ዋልክ» በሉት። ባይመልስም በሉት። እናትየው ትሰማለች።

ይህ ሁሉ የደግነት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሕግም አለ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 568 አካል ጉዳተኛ በጉዳቱ ምክንያት ከሥራ እንዳይገለል ይከለክላል። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676 ተቀብላለች። በዓለም ያሉ የአካል ጉዳተኞች ማኅበራት ሲታገሉ ይዘውት የነበረው መፈክር «ያለ እኛ ስለ እኛ ምንም» የሚል ነው። የታክሲው ረዳት ጥያቄ ሲታይ መፈክሩ ለምን እንዳስፈለገ ይገባል።

ከዚያ ትግል ውስጥ ወይዘሮ የትነበርሽ ንጉሤ አሉበት። የተወለዱት በወሎ ሳይንት ነው። በ5 ዓመታቸው ማየት ተሳናቸው። ሻሸመኔ በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተምረው፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጠኑ። በ2010 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። አንድ ጉዳት እንዳለባቸው፣ ችሎታቸው ግን ዘጠና ዘጠኝ እንደሆነ ይናገራሉ። ብዙዎቻችን የምናናግረው ያንን አንዱን ነው።

ለዚህ ሳምንት የጽሕፈት ልምምዳችሁ እነዚህን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች በደብተራችሁ ገልብጡ።

ልርዳዎት?

በየት በኩል ይሻልዎታል?

ልጻፍልዎት?

ፊደሎቹን ሁሉ ታውቋቸዋላችሁ። «ዎ» የምትለዋን ግን ቀስ ብላችሁ ጻፏት፤ አንቱታው ያለው እሷ ላይ ነው። መልሱ «አያስፈልግም፣ አመሰግናለሁ» ከሆነም አትቀየሙ፤ ጠይቃችሁ ተመለሰላችሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት እንገናኝ። ደህና ሰንብቱ።